የተጠቀሰበትን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፦ ለማዕረግ ዕድገት ኮሚቴዎችና ለምርምር ገምጋሚዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕክምና ፋኩልቲዎች የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ አባላት፣
ለምርምር ገንዘብ ሰጪ ተቋማት ገምጋሚዎች፣

ጉዳዩ፦ የጋስትሮኢንተሮሎጂ ተመራማሪዎች ሥራ በሳይቴሽን ብዛት፣ ማለትም በሌሎች ጽሑፎች በተጠቀሰበት ጊዜ ቁጥር፣ የሚመዘንበትን አሠራር ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣

የጨጓራ፣ የአንጀትና የጉበት በሽታዎችን በማጥናት ዕድሜውን ያሳለፈ ሐኪም ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ሲያመለክት፣ ከፋይሉ ሁሉ አስቀድሞ የሚገለጠው ጽሑፎችንና ጠቃሾቻቸውን ከሚመዘግቡት የመረጃ ቋቶች፣ ከጉግል ስኮላር ወይም ከስኮፐስ፣ ተገልብጦ የመጣው አንድ ገጽ መሆኑን ፋይሎችን ከሚገመግሙት አንዱ እንደመሆኔ አውቀዋለሁ። በገጹ ላይ ጠቅላላው የሳይቴሽን ቁጥር፣ ኤች-ኢንዴክሱ (የጽሑፎቹን ብዛትና ተጠቃሽነት አጣምሮ የሚያሳየው ቁጥር) እና በየዓመቱ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። ውይይቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ገጽ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ገጽ ሳይወጣ ያበቃል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቁጥሩ ከፋይሉ ይውጣ ለማለት አይደለም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ የተለቀመባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሳታነቡ በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ላይ አትወስኑ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሳይቴሽን ምን እንደሆነ ጠጋ ብለን እንየው። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ በሚባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት ላይ የሠራች አንዲት ተመራማሪ አለች እንበል፤ ሥራዋን የጠቀሱ ሦስት ጽሑፎችን ከፍተን ስሟ ያለበትን መስመር እንፈልግ። የመጀመሪያው ጽሑፍ በመግቢያው «በሽታው በብዙ አገሮች እየተስፋፋ መጥቷል» ይልና ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ስድስት ዋቢዎችን ይደረድራል፤ የእሷ ሥራ አራተኛው ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ማንኛውም ጽሑፍ ቢገባ ዓረፍተ ነገሩ አንዲት ቃል አይለወጥም። ሁለተኛው ጽሑፍ የአሠራር ዘዴውን በሚያስረዳበት ክፍል «የአንጀቱን የጉዳት መጠን የለካነው እሷ ባዘጋጀችው መለኪያ ነው» ይላል፤ ይህ ጥናት ያለ እሷ ሥራ ሊቆም አይችልም ነበር። ሦስተኛው ጽሑፍ ደግሞ በማብራሪያው ውስጥ «ውጤታችን ከእሷ ግኝት ጋር ይጋጫል፤ ምክንያቱም የታማሚዎቹ አመራረጥ የተዛባ ነበር» ይላል። አንዱ በልማድ ጠቀሳት፣ አንዱ ሥራዋን መሠረት አደረገው፣ አንዱ ተቃወማት። በእናንተ ፊት ባለው ገጽ ላይ ግን እያንዳንዳቸው 1 ሆነው ተቆጥረዋል፤ ድምሩም 3 ነው። ሐሳቤ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ድምር ላይ ስለሆነ በትዕግሥት እንድትከታተሉኝ እለምናለሁ።

እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ሰውን ለመመዘን ታስቦ አልነበረም። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ሳይንስ በተባለው ጆርናል ላይ የሳይቴሽን ማውጫ ሐሳቡን ሲያቀርብ ዓላማው ተመራማሪዎች እርስ በርስ የተያያዙ ጽሑፎችን እንዲያገኙ፣ በተለይም አንድ ሥራ ከወጣ በኋላ ምን ነቀፋ እንደቀረበበት አውቀው ጊዜ ያለፈበትን ወይም የተጭበረበረውን መረጃ ሳይመረምሩ ከመጥቀስ እንዲድኑ ነበር። እንግዲህ የሳይቴሽን ማውጫ አባት የሚባለው ሰው ከመነሻው የፈለገው ሰዎች የጠቃሹን ጽሑፍ ከፍተው እንዲያነቡ ነው። ኢምፓክት ፋክተርም ቢሆን የአንድን ጆርናል የሁለት ዓመት ጽሑፎች አማካይ ተጠቃሽነት የሚያሳይ የጆርናል መለኪያ ነው፤ በውስጡ ስለታተመው አንድ ጽሑፍ የሚናገረው ነገር በጣም ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም አማካዩን ወደ ላይ የሚስቡት እጅግ የተጠቀሱ ጥቂት ጽሑፎች ሲሆኑ አብዛኞቹ ከአማካዩ በታች ናቸው። ኤች-ኢንዴክስን በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ካሉት ኤች-ኢንዴክሱ 20 ይሆናል። ሂርሽ ራሱ በዚያው ጽሑፉ አንድ ቁጥር ብቻውን የአንድን ሰው ብዙ ገጽታ ያለው ሥራ ከግምት ያለፈ ሊያሳይ እንደማይችል፣ ሌሎች ነገሮችም አብረው መታየት እንዳለባቸው አስጠንቅቆ ነበር። ስሌቱን ሁላችንም ወሰድነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ቀረ።

በሙያችን ታሪክ ውስጥ ይህን አሠራር በግልጽ የሚፈትን አንድ ጉዳይ አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን እንደ ኮሚቴ አባል ሆናችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። በአውስትራሊያ የሮያል ፐርዝ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ባለሙያ የነበረው ሮቢን ዋረን በ1979 ከጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎችን አየ። በዚያ ዘመን ጨጓራ በአሲዱ ምክንያት ባክቴሪያ የማይኖርበት ቦታ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ቁስለቱም የአሲድና የጭንቀት ውጤት ነው ይባል ነበር። በ1981 በስልጠና ላይ የነበረ ወጣት ሐኪም፣ ባሪ ማርሻል፣ አብሮት መሥራት ጀመረና ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ የሚደረግ የጨጓራ ምርመራ) ከተደረገላቸው 100 ታማሚዎች ናሙና ወሰዱ። ባክቴሪያውን በላብራቶሪ ለማሳደግ ያደረጉት ሙከራ ግን ተደጋግሞ ከሸፈ፤ ማሳደጊያ ሳህኖቹ ከሁለት ቀን በኋላ ምንም ካልታየባቸው ይጣሉ ነበርና። በ1982 የትንሣኤ በዓል እረፍት ምክንያት ሳህኖቹ ሳይጣሉ ከተለመደው ጊዜ በላይ በማሞቂያው ውስጥ ቆዩ፤ ሠራተኞቹ ሲመለሱ ባክቴሪያው አድጎ አገኙት። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምንለው እሱ ነው።

በ1983 ማርሻል ይህን ሥራ ለአገሩ የጋስትሮኢንተሮሎጂ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ሲያቀርብ ተቀባይነት አላገኘም። በዚያው ዓመት ሁለቱም ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ አጫጭር ደብዳቤዎችን አወጡ፤ ሙሉው ጽሑፍ በ1984 እዚያው ላንሴት ላይ ታተመ። በዚያው ዓመት ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የጨጓራ መቆጣት እንደሚያስከትል አሳየ፤ ውጤቱም በ1985 ወጣ። አሁን በ1985 አንድ ኮሚቴ ተቀምጦ የማርሻልን ፋይል ያያል እንበል። ኤች-ኢንዴክስ ከጽሑፎች ብዛት ሊበልጥ አይችልም፤ ጥቂት ጽሑፍ ያለው ሰው ሥራው ዓለምን የለወጠ ቢሆን እንኳ ኢንዴክሱ ጥቂት ሆኖ ይቀራል። ከእሱ ጎን ስለ አሲድ መቀነሻ መድኃኒቶች በርካታ ጽሑፎችን ያሳተመ ሌላ አመልካች ቢቀርብ ቁጥሩ ለማን ይፈርድ እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጉባኤ ባክቴሪያው ያለባቸው የቁስለት ታማሚዎች በፀረ-ባክቴሪያ እንዲታከሙ የመከረው በ1994 ነው፤ የኖቤል ሽልማቱም የመጣው በ2005፣ ኤች-ኢንዴክስ በተወለደበት ዓመት ነው። ከመጀመሪያው ግኝት እስከ ሰፊው ተቀባይነት ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል፤ የማዕረግ ዕድገት ፋይል ግን አሥር ዓመት አይጠብቅም። ያን ጊዜ ልዩነቱን ሊያይ የሚችል ሰው ቢኖር የ1984ቱን ጽሑፍ ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው ብቻ ነበር።

በሌላ በኩል፣ በጋስትሮኢንተሮሎጂ ውስጥ በብዛት የሚጠቀሱት ሥራዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ያለበትን ታማሚ ሁኔታ የምንገምትበት የቻይልድ-ፒዩ ነጥብ አሁን ያለውን ቅርጽ የያዘው በ1973 ነው። የአልሰረቲቭ ኮላይቲስን ክብደት የሚለካው የማዮ ነጥብ የ1987፣ የሰገራን ቅርጽ በሰባት ዓይነት የሚከፍለው የብሪስቶል ሚዛን የ1997፣ የጉሮሮ ቧንቧ መቆጣትን ደረጃ የሚያወጣው የሎስ አንጀለስ አመዳደብ የ1990ዎቹ ሥራ ነው። መድኃኒት የሚፈትን ሁሉ መለኪያ ያስፈልገዋልና እነዚህን ይጠቅሳል፤ ነገም ይጠቅሳል። ይህ የሚገባቸው ክብር ነው፤ መለኪያ መሥራት ትልቅ ሥራ ነው። እንዲሁም የሕክምና መመሪያዎችና አጠቃላይ ዳሰሳዎች ከመነሻ ጥናቶች ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው አሥር የመነሻ ጥናቶችን ከመጥቀስ አንድ መመሪያ መጥቀስ ይቀለዋል። በመሆኑም በአንድ መመሪያ ላይ ስማቸው ከተዘረዘረ በርካታ ደራሲያን መሐል አንዱ የሆነ ሰው፣ መመሪያው የቆመበትን ጥናት ለዓመታት ከሠራው ሰው የበለጠ ሳይቴሽን ሊሰበስብ ይችላል። በፋይሉ ላይ ያ ልዩነት አይታይም።

ጊዜ የሚወስዱ ሥራዎችን ደግሞ አስቡ። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ካሜራ ባለው ቱቦ ማየት፣ ለምርመራ ሲቀርብ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ምን ያህል እንደሚቀንስ የመረመረው የኖርዲክ ጥናት በ2009 ሰዎችን መመደብ ጀምሮ የአሥር ዓመት ክትትል ውጤቱን ያወጣው በ2022 ነው፤ በፖላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን 84,585 ሰዎችን አካትቷል። ለምርመራው በተጋበዘው ቡድን ውስጥ የካንሰሩ አደጋ ካልተጋበዘው ቡድን በ18 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ከተጋበዙት ምርመራውን ያደረጉት ግማሽ የማይሞሉ ስለነበሩ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ መከራከሩም ጥሩ ነው። ለዚህ ዓይነት ጥናት ከአሥር ዓመት በላይ የደከመ ሰው ዋናው ውጤቱ አንድ ጽሑፍ ነው። በዚያው ዘመን በየወሩ አጫጭር ጽሑፎችን ሲያወጣ የኖረ ባልደረባው በኤች-ኢንዴክስ ብዙ ይቀድመዋል። ወጣት ተመራማሪዎች ይህን አይተው ረጅሙን ጥናት ቢሸሹ ሊወቀሱ የሚገባቸው እነሱ አይደሉም።

የንዑስ ዘርፎች ልዩነትም አለ። የጉበት ስብ በሽታን የሚያጠና ሰው በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ አንባቢ አለው፤ በየዓመቱ ከ100,000 ሰው አንድ አካባቢ የሚይዘውን አካሌዥያን፣ ማለትም ምግብ ወደ ጨጓራ እንዳይወርድ የሚያደርገውን የጉሮሮ ቧንቧ በሽታ የሚያጠና ሰው ደግሞ ሊጠቅሱት የሚችሉት ሰዎች ራሳቸው ጥቂት ናቸው። የሁለቱን ቁጥር በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሳይቴሽን ሁልጊዜ ምስክርነት እንዳልሆነም ከሙያችን የሚመጣ አሳዛኝ ማስረጃ አለ። በ1998 የአንጀት ተመራማሪ የነበረው አንድሪው ዌክፊልድ ከባልደረቦቹ ጋር በላንሴት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የ12 ልጆችን የአንጀት መቆጣትና የእድገት መታወክ ገልጾ ከኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ክትባት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አመለከተ። በ2004 ከደራሲያኑ አሥሩ ያንን ትርጓሜ ተዉት፤ በ2010 ላንሴት ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰረዘ፤ በዚያው ዓመት ዌክፊልድ በብሪታንያ ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። ጽሑፉ ግን እጅግ በብዛት ከተጠቀሱ የተሰረዙ ጽሑፎች አንዱ ነው፤ በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየውም ከጠቀሱት አብዛኞቹ የጠቀሱት ለመንቀፍ ነው። ያ ሁሉ ነቀፋ በሳይቴሽን ቆጠራ ውስጥ ሲገባ ከምስጋና አይለይም። ይህን የምጠቅሰው በአመልካቾች ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ለመዝራት አይደለም፤ ቁጥሩ ነቀፋና ምስጋናን መለየት እንደማይችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ስለሌለ ነው።

ቆጠራው ራሱም እንደ መረጃ ቋቱ ይለያያል። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ያልታተሙ ሥራዎችን ጭምር ስለሚያካትት ከስኮፐስና ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ የሁለት ሰዎች ሥራ በስም መመሳሰል የተነሣ በአንድ ገጽ ላይ ተቀላቅሎ የሚገኝበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ቢያንስ ሁሉም አመልካቾች በአንድ ቋት ይቆጠሩ፤ ራስን የመጥቀሱ ድርሻም ተለይቶ ይታይ።

ቁጥር ባይኖር የተሻለ ፍርድ ይኖር ነበር እንደማልል ደግሜ ማስገንዘብ እወዳለሁ። ቁጥር ባልነበረበት ዘመን ማዕረግ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በመተዋወቅ፣ በአማካሪው ስምና በተመረቁበት ትምህርት ቤት ነበር፤ ከሩቅ የመጣ፣ ደጋፊ የሌለው ተመራማሪ «ሥራዬ በዓለም ተነብቧል» ብሎ ሊያሳይ የሚችለው በሳይቴሽን ነው። ይህን መከላከያ ከእጁ መንጠቅ አልሻም። የኮሚቴ አባላት ጊዜ ጠባብ መሆኑንም አውቃለሁ፤ በአንድ ስብሰባ በርካታ ፋይል እያዩ የእያንዳንዱን አመልካች ሁሉንም ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ የምጠይቀው ሊደረግ የሚችለውን ብቻ ነው።

ከሳን ፍራንሲስኮው የ2012 ስብሰባ የወጣው የምርምር ምዘና መግለጫ የጆርናልን ኢምፓክት ፋክተር ለግለሰብ መመዘኛ አድርጎ መጠቀም እንዲቀር ጠይቋል፤ በ2015 በኔቸር ላይ የወጣው የላይደን ማኒፌስቶም በመጀመሪያው መርሑ ቁጥር የባለሙያን ፍርድ እንዲደግፍ እንጂ እንዳይተካው አስቀምጧል። ብዙ ተቋማት መግለጫውን ፈርመዋል። የማመልከቻው ቅጽ ግን በብዙ ቦታ አልተለወጠም፤ አመልካቹ አሁንም በሠንጠረዡ የኢምፓክት ፋክተር አምድ ውስጥ ቁጥር እንዲሞላ ይገደዳል። ፊርማው በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ፣ አምዱ ደግሞ በቅጹ ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በመጀመሪያ ያንን አምድ ሰርዙት፤ ይህ ገንዘብም ጊዜም አይጠይቅም።

ቀጥሎ አመልካቹ ከሥራዎቹ አምስቱን ብቻ መርጦ ያቅርብ፤ ለእያንዳንዱም የእሱ ድርሻ ምን እንደነበረና ሥራው ከወጣ በኋላ ምን እንደተለወጠ በግማሽ ገጽ ይጻፍ። ከኮሚቴው ሁለት አባላት ደግሞ ከእያንዳንዱ ሥራ ጠቃሾች መካከል በዕጣ የተመረጡ አሥር ጽሑፎችን ከፍተው ስሙ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ያንብቡ። አሥር ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ለአምስት ሥራ አንድ ቀን ቢወስድ ነው። የአንድ ሰው የሠላሳ ዓመት ልፋት አንድ ቀን አይበዛበትም። ንባቡ የሚሰጣችሁን ሪፖርት «ከአሥሩ አራቱ ዘዴውን ተጠቅመዋል፣ አምስቱ በመግቢያ ላይ አልፈውታል፣ አንዱ ተቃውሞታል» ብላችሁ ስትጽፉት፣ ከዚህ በፊት በፋይሉ ውስጥ ያልነበረ እውቀት ይኖራችኋል። ተቃውሞውም ቢሆን አመልካቹን የግድ አይጎዳውም፤ ሊፈተን የሚችል ነገር የተናገረ ሰው ነው የሚቃወሙት።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ፤ በሳይቴሽን ፈጽሞ የማይታየውን ሥራም ቦታ ስጡት። በ2014 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ ጥናት 136 ሐኪሞች ያደረጓቸውን 314,872 ኮሎኖስኮፒዎች መርምሮ፣ አንድ ሐኪም ለካንሰር መነሻ የሚሆኑ አዴኖማዎችን የማግኘት ምጣኔው በ1 በመቶ ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር የታማሚዎቹ በኋላ ካንሰር የመያዝ አደጋ በ3 በመቶ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች በብዙ ተጠቅሰዋል፤ ይገባቸዋልም። ይሁን እንጂ ያንን ጽሑፍ አንብባ በክፍሏ ውስጥ የእያንዳንዱን ሐኪም ምጣኔ መዝግባ፣ ደካማ የሆኑትን አጠገባቸው ቆማ መሣሪያውን ቀስ ብለው ሲያወጡ የአንጀቱን እጥፋት ሁሉ እንዲያዩ ያስተማረችው ሐኪም በየዓመቱ ሰዎችን ከካንሰር ታድናለች፤ ለዚህ ሥራዋ ማንም አይጠቅሳትም። የክፍሉ መዝገብ ግን አለ፤ ምጣኔው ከማስተማሯ በፊትና በኋላ ስንት እንደነበረ ይናገራል። ያ መዝገብ እንደ ጽሑፍ ሁሉ በፋይሉ ውስጥ እንዲገባና እንዲመዘን ደንባችሁ ይፍቀድ።

ይህ ለውጥ ከቀጣዩ የማዕረግ ዕድገት ዙር ማስታወቂያ ጋር በጽሑፍ እንዲወጣ፣ አመልካቾችም ፋይላቸውን ማዘጋጀት ከመጀመራቸው በፊት እንዲያውቁት፣ የዓረፍተ ነገር ንባቡን የሚያደርጉት ሁለት አባላት ከአመልካቹ ጋር አብረው ያላሳተሙ እንዲሆኑ፣ ሪፖርታቸውም ለአመልካቹ እንዲደርስና መልስ የሚሰጥበት ጊዜ እንዲኖረው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የጋስትሮኢንተሮሎጂ ሐኪምና የምርምር ገምጋሚ